የልጆቻችን ጣዕም በማን እጅ ይቀረጻል?

የሕፃናት አመጋገብ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የእናትን ጓዳና የአባትን ኪስ ነው። ነገሩ በቤት ውስጥ ተጀምሮ በቤት ውስጥ የሚያልቅ ይመስለዋል። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን በአንዲት ትንሽ የምሳ ዕቃ ውስጥ የገበሬው ምርት፣ የፋብሪካው ሸቀጥ፣ የአስተዋዋቂው ብልሃት፣ የትምህርት ቤቱ ሥርዓትና የሕግ አውጪው ውሳኔ በአንድነት ይገናኛሉ። ስለሆነም ልጅ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ የቤተሰብ ጥያቄ የመሆኑን ያህል የኅብረተሰብም ጥያቄ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማም ይህን ግንኙነት መርምሮ፣ የሠራተኛው ቤተሰብና የነዋሪው ማኅበር ምን ማድረግ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

ጣዕም እንዴት ይገነባል?

በመሠረቱ ጣዕም በልማድ የሚገነባ ነው። እርግጥ ሕፃን ጣፋጩን ወዶ መራራውን ጠልቶ ይወለዳል፤ የእናት ጡት ወተት ራሱ ጣፋጭነት አለውና ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው ነገር ግን ትምህርት ነው። እናት በእርግዝናና በማጥባት ዘመኗ የምትመገበው ምግብ ቃና፣ የነጭ ሽንኩርትም ይሁን የካሮት፣ በሽርት ውኃውና በወተቷ አማካይነት ወደ ልጁ ይደርሳል። ልጁ 6 ወር ሞልቶት ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር ቀድሞ የለመደውን ቃና በቀላሉ ይቀበላል።

ወደ 2 ዓመት ገደማ ሲደርስ ደግሞ አዲስ ምግብን ሁሉ የሚጠራጠርበት ጊዜ ይመጣል። ይህ የባለጌነት ወይም የጥጋብ ምልክት አይደለም፤ የአብዛኞቹ ሕፃናት ጠባይ ነው። የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ አንድ ሕፃን አንድን አዲስ አትክልት እስኪለምድ ድረስ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ 15 ጊዜ ሊቀምሰው ያስፈልጋል። ብዙ ወላጅ ግን ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሙከራ በኋላ «የእኔ ልጅ ጎመን አይወድም» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ የቸኮለ ነው። ልጁ ጎመንን ጠላ ሳይሆን ገና አልተዋወቀውም።

እዚህ ላይ ልናጤነው የሚገባን ነገር አለ። እናት በትዕግሥት 10 ጊዜ ማቅረብ የሚጠበቅባትን ነገር ማስታወቂያ በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ሊያቀርብ ይችላል። የድግግሞሽን ኃይል ከወላጅ ይልቅ አጥብቆ የተረዳው ነጋዴው ነው።

የማስታወቂያው አሠራር

ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ ዘይትና ጨው ከምግብ ጥሬ ዕቃዎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሳይበላሹ ይቀመጣሉ፤ በቀላሉ ይጓጓዛሉ፤ ምላስን ፈጥነው ያስደስታሉ። አምራቹ እነዚህን አዋሕዶ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ሲጠቀልላቸው የሚሸጠው የእህሉን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉን፣ ስሙንና ዜማውንም ጨምሮ ይሸጣል። ከትርፉ አንዱ ክፍል ተመልሶ ለማስታወቂያ ይውላል፤ ማስታወቂያውም አዲስ ገዢ ያመጣል። ሙዝና ካሮት የሚያመርተው አርሶ አደር ግን ለምርቱ ዜማ የሚያስደርስበት ገንዘብ የለውም። በቴሌቪዥኑና በስልኩ መስኮት ላይ ያለው ውድድር ከጅምሩ ያልተመጣጠነ የሆነው ስለዚህ ነው።

ይህ ማስታወቂያ ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ገንዘብ የሌለውን ሰው ያነጋግራል። የ5 ዓመት ሕፃን ደመወዝ የለውም። ያለው ኃይል ልመናና ለቅሶ ነው። አስተዋዋቂው ይህን ኃይል አነሣሥቶ ወደ ሠራተኛው ደመወዝ ይልከዋል። በሱቅ ደጃፍ ላይ መሬት ላይ ተንከባልሎ የሚያለቅሰው ሕፃን፣ ሳያውቀው የሌላ ሰው የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ እየሠራ ነው፤ ያለ ክፍያ።

ሕፃኑ ይህን ሊያውቅ አይችልም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማስታወቂያን የማግባባት ዓላማ በሚገባ አይረዱም፤ የሚነገራቸውን እንደ እውነት ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት አንድ ዓይነት ምግብ በሁለት መጠቅለያ ቀረበላቸው፤ አንደኛው የማክዶናልድስ ምልክት ያለበት፣ ሌላው ምልክት የሌለበት ነበር። ብዙዎቹ ሕፃናት ምልክት ያለበት ይበልጥ እንደሚጣፍጥ ተናገሩ። ወተትና ካሮት እንኳ በምልክቱ ተጠቅልለው ሲቀርቡ «ጣፈጡ»። ምላስ የቀመሰው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ዐይን ፍርዱን ለወጠው ማለት ነው። እንዲህ ካለ ሕፃን ጋር የሚደረግ ንግድ በነፃ ፈቃድ የሚደረግ ንግድ ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

የሚያስከትለውን ጉዳት በቁጥር እንመልከት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ የኮላ ጣሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም 8 የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ19 ግራም ያልበለጠ የተጨመረ ስኳር ይበቃዋል ይላል። አንዲቱ ጣሳ ብቻዋን የሁለት ቀን ያህል ድርሻ ትወስዳለች። ጥርስ ይበሰብሳል፤ ሆድ ይሞላል፤ ምሳ ሳይበላ ይቀራል፤ ልማዱም ከልጁ ጋር ያድጋል።

«ይህ የባለጸጎች አገሮች ችግር ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ወገኖች «እኛ ገና ምግብ አልበቃን፤ የውፍረት ወሬ ምን ያደርግልናል?» ሲሉ ይሰማል። ጥያቄው ክብደት አለውና በአክብሮት ሊመለስ ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨር የደረሰባቸው ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መካከል በዓይነቱም በድግግሞሹም ተቀባይነት ያለው ምግብ ያገኙት ከ100 ውስጥ 7ቱ ብቻ ነበሩ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የወሰነውም ችግሩ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ብስኩቱና ከረሜላው የሚመጡት በዚህ መካከል ነው። እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና አትክልት ለጎደለበት ገበታ ስኳርና ዱቄት ሲጨመርለት የጎደለው አይሞላም። ልጁ የጠገበ መስሎ የብረት፣ የቪታሚንና የፕሮቲን ረኃብተኛ ሆኖ ይቀራል። ከጥቂቱ ገቢ ላይ ለላስቲክ ምግብ የወጣው ብር ለምስርና ለእንቁላል ሊውል የነበረው ብር ነው። ስለዚህ በድኻው ቤት የማስታወቂያው ጉዳት ከባለጸጋው ቤት ይልቅ የከፋ ነው እንጂ የቀለለ አይደለም።

የዓለም ሂደትም ይህንኑ ያረጋግጣል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆችና ወጣቶች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደታቸው ካነሰው ቁጥር መብለጡን አስታውቋል። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ገና ወደዚያ አልደረሰም። ይህ ግን ለመዘናጋት ምክንያት አይሆንም፤ ሌላው የሄደበትን መንገድ አይተን መንገዳችንን ለመምረጥ ጊዜ አለን ማለት ነው።

የቺሌ ሕዝብ ትግል የሚያስተምረን

ከሌሎች አገሮች ሁሉ ቺሌን ለምሳሌ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቺሌ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከምግብ እጦት ወደ ጎጂ ምግብ ትርፍ የተሸጋገረች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ሐኪም የነበሩት ፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አየንዴ ለእያንዳንዱ ሕፃን በቀን ግማሽ ሊትር ወተት እንዲደርስ ያደረጉት፣ የሠራተኛውና የድኻው ልጅ በምግብ እጦት ይሞት ስለነበር ነው። ያ እጦት በተከታዮቹ ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ወደ 2016 ሲደረስ አንደኛ ክፍል ከሚገቡት የቺሌ ልጆች ግማሽ ያህሉ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ወይም የወፈሩ ሆነው ተገኙ። ወተት ያጣው ልጅ የልጅ ልጅ አሁን የጣፋጭ መጠጥ ሰለባ ሆነ።

የቺሌ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ከአምራቾች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ ወር 2016 ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ስኳር፣ ጨው፣ ጎጂ ስብ ወይም ኃይል ሰጪነቱ ከተወሰነው መጠን ያለፈ የታሸገ ምግብ ሁሉ በፊቱ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍበት ተገደደ። ምልክት የተለጠፈበት ምግብ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጥ፣ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም እንዳይተዋወቅ ተከለከለ። በቁርስ እህል ካርቶን ላይ ለብዙ ዓመታት ሲስቅ የኖረው ነብር ከካርቶኑ ወረደ፤ ውስጡ መጫወቻ የተደበቀበት የቸኮሌት ዕንቁላልም ከገበያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የእነዚህ ምግቦች ማስታወቂያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከቴሌቪዥን ተከለከለ።

ውጤቱስ? ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ቤተሰቦች የሚገዙት የጣፋጭ መጠጥ መጠን ወደ 24 በመቶ ገደማ መቀነሱ በጥናት ተረጋገጠ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በቤት ውስጥ የታየው ለውጥ ነው። በትምህርት ቤት ስለ ጥቁሩ ምልክት የተማሩ ትንንሽ ልጆች እናቶቻቸውን «ይህን አትግዥ፤ ምልክት አለበት» ማለት ጀመሩ። ቀድሞ ለነጋዴው ይለምን የነበረው አፍ አሁን ለቤተሰቡ ጤና ተናገረ።

ለሠራተኛው አንባቢ በተለይ የሚጠቅም ሌላም ነጥብ አለ። ሕጉ ሲረቀቅ «ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፤ ሠራተኛው ሥራ ያጣል» የሚል ማስፈራሪያ ተሰራጭቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን በሥራ ብዛትም ሆነ በደመወዝ ላይ የታየ ጉዳት እንደሌለ አረጋገጠ። ብዙ አምራቾች ስኳሩንና ጨውን ቀንሰው ማምረታቸውን ቀጠሉ።

እውነቱን ለመናገር የቺሌ ሕግ ሁሉን አልፈታም። አንዳንድ አምራቾች ስኳሩን በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ተክተው ከምልክቱ አመለጡ፤ የልጆች ምላስም ከጣፋጭ ልማድ አልተላቀቀም። የውፍረቱ ቁጥርም በሕጉ ብቻ አልወደቀም። ከዚህ የምንረዳው ሕግ የማስታወቂያውን ጩኸት ዝም ሊያሰኝ እንደሚችል፣ ጎመኑን ወደ ልጁ አፍ የሚያደርሰው ግን ቤተሰቡና ትምህርት ቤቱ እንደሆኑ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

በእኛ አገር ምን ይቻላል?

ማስታወቂያን በሕግ መግታት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ቀን ቀን ከልጆች ዐይን ፊት የነበረው የቢራ ማስታወቂያ ጠፋ፤ ሰማይም አልወደቀም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ለአባል አገሮች ያቀረበውን ምክር በ2023 አጠናክሮ፣ ልጆችን ከጎጂ ምግብ ማስታወቂያ የሚጠብቅ አስገዳጅ ሕግ እንዲወጣ መክሯል። ለቢራው የተሠራው ለጣፋጩ መጠጥና ለከረሜላው የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ይህ ማለት ግን ፋብሪካ ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ትብብር በአገራችን በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የተዘጋጀው ፋፋ የታሸገ የፋብሪካ ምግብ ነበር፤ የብዙ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ዕድገትም ባለውለታ ነው። መለኪያው መታሸጉ ሳይሆን ለማን ጥቅም መሠራቱና ምን መያዙ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የወላጅ መምህር ኅብረቶች ደግሞ ሕግ እስኪወጣ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይገባቸውም። በመጀመሪያ የየአካባቢያቸውን ትምህርት ቤት ደጃፍ ይመርምሩ። በዚያ ከረሜላና ቺፕስ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ራሷ ልጆች የምታሳድግ ድኻ ናት፤ እሷን ማባረር ድልም ፍትሕም አይሆንም። ማኅበሩ ከእሷ ጋር ተመካክሮ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ንፍሮና ብርቱካን እንድትሸጥ ቢያግዛት፣ ደንበኞቿንም ቢያስተባብርላት እሷም ልጆቹም ይጠቀማሉ። ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ መኖሩን ያረጋግጡ። ቧንቧው በደረቀበት ግቢ ጠርሙሱ ማሸነፉ አይቀርም። ሦስተኛ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ሆድ ከመሙላት ባሻገር የጣዕም ትምህርት ቤት እንዲሆን ይከታተሉ። ልጅ በቤቱ የናቀውን ጎመን ጓደኞቹ ሲበሉት አይቶ ይበላዋልና።

በየቤቱ የሚደረገው

ስለ ቤት ስንናገር ወቀሳውን በእናት ትከሻ ላይ መከመር ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ከማለዳ እስከ ማታ በፋብሪካ ወይም በገበያ ውላ የምትመለስ እናት ለሚያለቅስ ልጇ ብስኩት ብትሰጥ ያደረገችው ከድካሟ የተነሣ ነው። አባት ገበያ ሲሄድ፣ ሽሮ ሲያማስል፣ ከልጁ ጋር ማዕድ ሲቀርብ ነው ሸክሙ የሚቀለው። የሚከተሉት ነጥቦች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጽናት ነው።

አንደኛ፣ ልጅ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይብላ። በአሮጌው ልማድ ልጅ መብራት ይዞ ቆሞ አዋቂዎች ሲበሉ ይጠብቅ፣ የተረፈውንም ይበላ ነበር። ይህ ልማድ የልጁን ድርሻ ከመቀነሱም በላይ አይቶ የመማር ዕድሉን ይነፍገዋል። አባቱ ጎመንን በደስታ ሲበላ ያየ ልጅ ምክር አያሻውም። በማዕድ ጊዜም ቴሌቪዥኑና ስልኩ ይዘጉ።

ሁለተኛ፣ ምን ምግብ እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ወላጅ ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ለልጁ ይተው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ አፉን የዘጋን ልጅ አስገድዶ ማጉረስ ግን ምግቡን ያስጠላዋል፤ የጥጋቡንም ስሜት ያደነዝዘዋል። ጥቂት ጎመን ከሚወደው ሽሮ አጠገብ ይቀመጥለት። ዛሬ ባይነካው ከሦስት ቀን በኋላ ይደገም።

ሦስተኛ፣ ከረሜላ መሸለሚያ አይሁን። «ምስሩን ከጨረስህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የሚል ወላጅ ምስር ቅጣት፣ ከረሜላ ደግሞ ክብር መሆኑን ሳያስበው እያስተማረ ነው። ከሥራ ሲመለስ ባዶ እጁን መግባት የከበደው አባት ሙዝ ወይም ብርቱካን ይዞ ይግባ፤ የልጁ ደስታ ከአባቱ መምጣት ጋር የተያያዘ ነውና ሙዙም ይወደዳል።

አራተኛ፣ የገዛ ጓዳችንን እንመርምር። በሶ፣ የአጃ አጥሚት፣ የክክና የምስር ወጥ፣ እንቁላልና ዱባ ለሕፃን የሚስማሙ ናቸው። ደረቅ ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ስለሆኑ ተፈጭተው ይቅረቡ። ለልጅ ሻይ ከምግብ ጋር መስጠት ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያዳክም በውኃ ወይም በወተት ይተካ። በሻይ ውስጥ የሚሟሟው ስኳርም ስኳር መሆኑ አይዘንጋ።

አምስተኛ፣ ልጅ ስለ ማስታወቂያ ይነገረው። የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ «ይህን ሥዕል የሠራው ማን ነው? ለምን ሠራው? ብሩስ ወደ ማን ይሄዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሰብ ይጀምራል። ጥያቄው በአንድ ቀን ጋሻ አይሆነውም፤ ነገር ግን ዐይኑን ቀስ በቀስ ይከፍታል።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ብቻውን «ልጅህን ጠብቅ» ማለት፣ በአንድ ወገን የተደራጀ ገንዘብና ዕውቀት፣ በሌላው ወገን የደከመች አንዲት እናት ቆማ እንድትታገል መፍረድ ነው። ይህ ትግል እኩል የሚሆነው ቤቱ ከትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ከነዋሪው ማኅበር፣ ማኅበሩም ከሕግ ጋር ሲተባበር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የነዋሪዎች ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ። የትምህርት ቤቱን ደጃፍና የውኃ ቧንቧ የሚመለከት ኮሚቴ ይሰይም። ልጆችን ከጎጂ ምግብ ማስታወቂያ የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣም ጥያቄውን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ያቅርብ። የዛሬ 20 ዓመት በፋብሪካው፣ በእርሻውና በትምህርት ገበታው ላይ የሚቆመው ዜጋ ዛሬ በየቤታችን ማዕድ ዙሪያ ተቀምጧል። አፉ ምን እንደሚለምድ የምንወስነው እኛ እንሁን።